ከሥራ ሰዓት በኋላ፦ የሒሳብ ሙያ ተፈታኞች ታሪክ

የሒሳብ ሙያ ታሪክ በተነሣ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ የሚወሳው መነኩሴው ሉካ ፓቺዮሊ በ1494 ቬኒስ ላይ ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ስለ ድርብ አመዘጋገብ አጀማመር፣ ስለ ኩባንያዎች መስፋፋት፣ ስለ ኦዲት ሕግጋት በየጊዜው ብዙ ተጽፏል። ቀኑን ሙሉ በመሥሪያ ቤት ሲደምርና ሲቀንስ ውሎ፣ ማታ ደግሞ ከመጽሐፍ ፊት ተቀምጦ ከእንቅልፍ ጋር ስለሚታገለው ተፈታኝ ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ሙያው ከዛሬው ደረጃ የደረሰው በዚሁ ሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህን ሰው ከታሪክ ውስጥ ፈልጎ ማቅረብ ነው። (ዓ.ም. የሚል ካልተጨመረበት በስተቀር ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ወደዚህ ጉዳይ የመራኝ በሙያ ባልደረቦቻችን መካከል ደጋግሜ የምሰማው አንድ ወቀሳ ነው። «የዛሬ ልጆች ፈተናውን ይጀምሩታል እንጂ አይጨርሱትም፤ ትጋት የላቸውም» ይባላል። እኔም ራሴ በወጣትነቴ ሁለት ጊዜ ተመዝግቤ ሁለት ጊዜ ያቋረጥሁ ሰው ስለሆንሁ፣ ይህ ወቀሳ ትክክል መስሎኝ ብዙ ዓመት ራሴን ሰነፍ ስል ኖሬአለሁ። የቀደሙትን ተፈታኞች ታሪክ ከመረመርሁ በኋላ ግን አሳቤን ለውጫለሁ። ትጋት ከሰው ልብ ብቻ የሚፈልቅ ነገር ሆኖ አላገኘሁትም። በተወሰነ ሰዓት፣ በተወሰነ ቦታ፣ ከተወሰኑ ሰዎች ጋር ሲሆን የሚጸና፣ እነዚህ ሲጠፉ ደግሞ ከብርቱው ሰው ዘንድ እንኳ የሚከዳ ነገር ነው።

የሒሳብ ዐዋቂዎች ማኅበር በንጉሣዊ ቻርተር ሲቋቋም የመጀመሪያው በ1854 የኤዲንብራው ነው። የእንግሊዝና የዌልስ ቻርተርድ አካውንታንቶች ኢንስቲትዩት ደግሞ ቻርተሩን ያገኘው በ1880 ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ፈተና መስጠት ጀመረ። ፈተናው የመግቢያ፣ የመካከለኛና የመጨረሻ ተብሎ በሦስት ደረጃ የተከፈለ ነበር። ዕጩው አብዛኛውን ጊዜ ለአምስት ዓመት በውል ታስሮ በአንድ ባለሙያ ሥር ይለማመዳል። በዚያ ዘመን ለአሠልጣኙ ገንዘብ የሚከፍለው የተለማማጁ ቤተሰብ ነው እንጂ አሠልጣኙ ለተለማማጁ አልነበረም። ወጣቱ ቀን ቀን የሌላውን ሰው መዝገብ ሲያመሳክር ይውላል፤ ስለ ኪሣራ ሕግ፣ ስለ ሽርክና፣ ስለ ውርስ ሒሳብ የሚያነበው በራሱ ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ፈተናው በተጀመረ በዓመቱ፣ ማለትም በ1883፣ የለንደን ተለማማጆች የራሳቸውን የተማሪዎች ማኅበር አቋቋሙ። ንግግር ያደርጋሉ፣ ይከራከራሉ፣ መጻሕፍት ይዋዋሳሉ። እነዚህ ወጣቶች የሀብታም ልጆች ነበሩ፤ መጽሐፍ መግዛት አይቸግራቸውም። ቢሆንም ብቻውን በክፍሉ የሚያነብ ሰው እንደማይዘልቅ በአንድ ዓመት ውስጥ ተረድተውታል። እኛ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተን አሁንም ዕጩውን «መጽሐፉን ገዝተህ ተቀመጥና አጥና» ብለን እንሸኘዋለን።

የእንግሊዙ መንገድ ግን ለጥቂቶች ብቻ የተከፈተ ነበር። የውሉን ገንዘብ ሊከፍል የማይችል ሰው በሩን አይረግጥም፤ ሴቶችም እንዲሁ። በፈተና አልፋ የዚያ ኢንስቲትዩት አባል ለመሆን የመጀመሪያዋ ሴት ኤትል ዋትስ ናት፤ እርስዋም ይህን ዕድል ያገኘችው በ1924 ነው። በ1904 ስምንት ሰዎች ተሰብስበው የለንደን አካውንታንቶች ማኅበርን የመሠረቱት ሙያውን ሰፋ ላለ ሕዝብ ለመክፈት ነበር። ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚፈተኑበት ኤ.ሲ.ሲ.ኤ. የዚያ ማኅበር ተወላጅ ነው።

ወደ አሜሪካ ስንሻገር ታሪኩ ሌላ መልክ ይይዛል። የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት «የተመሰከረለት የሒሳብ ዐዋቂ» የሚለውን ማዕረግ፣ ማለትም ሲ.ፒ.ኤ.ን፣ በሕግ የደነገገው ኤፕሪል 17 ቀን 1896 ነው። በሙያው የቆዩ ሰዎች ያለ ፈተና ማዕረጉን እንዲያገኙ ሕጉ ፈቀደ፤ አንደኛው ቁጥር የተሰጠው ፍራንክ ብሮከርም በዚሁ መንገድ ካገኙት አንዱ ነው። (ፈታኞች ራሳቸው ሳይፈተኑ የጀመሩት ሙያ የእኛ ብቻ አይመስለኝም።) የመጀመሪያው ፈተና በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ተሰጠ። ትምህርቶቹም የሒሳብ ንድፈ አሳብ፣ የተግባር ሒሳብ፣ ኦዲትና የንግድ ሕግ ናቸው። ካለፉት ጥቂት ሰዎች አንዱ ዕድሜው ወደ 70 የተጠጋው ጆሴፍ ሃርድካስል ነበር፤ ረዥም ዘመን ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። ያለ ፈተና ሊታለፍ በሚቻልበት ወቅት በዚያ ዕድሜ ከወጣቶች ጋር ወንበር ላይ ተቀምጦ ብዕሩን ማንሣቱ እስካሁን ያስገርመኛል። ብሮከርና ባልደረባው ሪቻርድ ቻፕማን በ1897 የፈተናውን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው በመጽሐፍ አሳተሙ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የቆዩ ጥያቄዎችን መሥራት የተፈታኙ ሁሉ እንጀራ ሆነ።

ለአንባቢ ጠበቅ አድርጌ ላሳስብ የምፈልገው ግን የማታ ትምህርት ቤቶችን ጉዳይ ነው። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የንግድና የሒሳብ ትምህርት ክፍል በ1900 በሩን ሲከፍት ትምህርቱን ያደረገው ማታ ነበር፤ ተማሪዎቹ ቀን ሠራተኞች ናቸውና። ከመሥራቾቹ አንዱ ቻርልስ ስፕራግ ቀን የአንድ የቁጠባ ባንክ ፕሬዚዳንት ሲሆን ማታ ማታ አስተማሪ ነበር። በ1906 ደግሞ ሆመር ፔስ የተባለ የባቡር ኩባንያ ሠራተኛ 600 ዶላር ተበድሮ፣ ከወንድሙ ከቻርልስ ጋር በአንድ የጋዜጣ ሕንፃ ውስጥ ክፍል ተከራየ፤ 13 ሴቶችና ወንዶችንም ለሲ.ፒ.ኤ. ፈተና ማዘጋጀት ጀመረ። ያ ክፍል ዛሬ ፔስ ዩኒቨርሲቲ ነው። የወንድማማቾቹ ትምህርት ብዙ ሳይቆይ እኛ ወወክማ ብለን በምናውቀው ማኅበር የማታ ክፍሎች በኩል ወደ ሌሎች ከተሞች ተዳረሰ።

እነዚህ የማታ ክፍሎች ለተማሪው የሰጡት ምን ነበር? ዕውቀት ነው እንዳንል መጽሐፉ በገበያ ላይ ነበረ፤ ያለፉት ጥያቄዎችም ታትመዋል። እኔ እንደሚመስለኝ የሰጡት ወንበር ነው። ባለቤቱ ሲቀር ባዶነቱ የሚታይ፣ «ያ ሰው ምን ሆነ?» የሚያሰኝ ወንበር። ከሥራ የደከመ ሰው ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ መጽሐፍ ለመክፈት እንደገና መወሰን አለበት፤ ወደ ክፍል የሚሄድ ሰው ግን ውሳኔውን የወሰነው በመመዝገቢያው ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው እግርን ማንቀሳቀስ ብቻ ነው። ሰው በየምሽቱ እንደ አዲስ ከራሱ ጋር እንዲሟገት ከተተወ፣ ከሰባት ምሽት አምስቱን መረታቱ አይቀርም።

ወንበሩን ያላገኙትም ነበሩ። ክርስቲን ሮስ በኖቫ ስኮሺያ ተወልዳ በኒው ዮርክ በሒሳብ ሥራ ትተዳደር ነበር። በጁን 1898 ለፈተና ተቀመጠች፤ ውጤቷም ከቡድኗ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ የሚያሰኛት ነበር። ሆኖም ለሴት ማዕረጉን መስጠት ይገባል ወይስ አይገባም እየተባለ ሲጓተት ቆይቶ፣ ቁጥር 143 የሆነው የምስክር ወረቀቷ የተሰጣት ዲሴምበር 21 ቀን 1899 ነው። ከፈተናው እስከ ወረቀቱ አንድ ዓመት ተኩል አለፈ። በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ሴት ሲ.ፒ.ኤ. እርስዋ ናት። ፈተና ወድቆ መጠበቅ አንድ ነገር ነው፤ አልፎ መጠበቅ ግን ምን እንደሚመስል የሚያውቁ ያውቁታል።

የጆን ክሮምዌል ታሪክ ከዚህም ይረዝማል። ክሮምዌል ከዳርትማዝ ኮሌጅ በ1906 በከፍተኛ ማዕረግ የተመረቀ፣ በዋሽንግተን ከተማ ለጥቁር ተማሪዎች በተለየ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምር ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ሲ.ፒ.ኤ. ለመሆን አንዱ መሰናክል ፈተናው ሳይሆን ከፈተናው በፊት በተመሰከረለት ባለሙያ ዘንድ ተቀጥሮ መሥራት መጠየቁ ነው። በዚያ ዘመን ጥቁርን የሚቀጥር የሒሳብ ድርጅት ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነበር። በመጨረሻም ከሚኖርበት ከተማ በጣም ርቆ በሰሜን ወደሚገኘው ወደ ኒው ሃምፕሺየር ክፍለ ግዛት ሄዶ ተፈተነ። ያ ክፍለ ግዛት በጁን 1917 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠውን አንድ ወጥ ብሔራዊ ፈተና ከተቀበሉት ሦስት ክፍለ ግዛቶች አንዱ ነው። ክሮምዌል በ1921 አለፈ፤ ከጥቁር አሜሪካውያንም የመጀመሪያው ሲ.ፒ.ኤ. ሆነ። ኮሌጅ ከጨረሰ 15 ዓመት አልፎት ነበር። በ1930 የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ተቆጣጣሪ ሆኗል።

ታዲያ ክሮምዌልን ያቆየው ምንድን ነው? የማታ ክፍል አልነበረውም ብንል እንኳ፣ በየማለዳው ሒሳብ ይጠብቁት የነበሩ ተማሪዎች ነበሩት። አስተማሪ ቀሪ አይሆንም። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ነገር ግን ከሙያው ጋር ያስተሳሰረውን ገመድ እንዳይበጠስ ያደረገው የየዕለቱ ሥራው ይመስለኛል።

በነገራችን ላይ በአሜሪካው ፈተና የእጅ ማስሊያ መሣሪያ የተፈቀደው በ1994 ነው፤ በኮምፒዩተር መፈተን የተጀመረው ደግሞ በ2004። እስከዚያው ሁሉም በእጅ ይደመር ነበር። በመጨረሻው ሰዓት አንድ አምስት ሳንቲም ጠፍታባቸው ሙሉውን ገጽ እንደገና የደመሩት ምን ያህል ይሆኑ!

ወደ አገራችን ስንመለስ ማታ መማር ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ፣ ከዚያም የዩኒቨርሲቲው ኤክስቴንሽን ከተጀመረ በኋላ፣ ስንቱ ሒሳብ ሠራተኛ ከቢሮ ወጥቶ በማታ ክፍል ሲያዛጋ አምሽቷል። የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ዐዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣና የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ከተቋቋመ ወዲህ ደግሞ ዓለም አቀፉን የሪፖርት ደረጃ የሚያውቅ ባለሙያ ፍላጎት እጅግ ጨምሯል። ስለዚህ የውጭውን ፈተና የሚጀምረው ወጣት በዝቷል፤ የሚያቋርጠውም እንደዚሁ። የኤ.ሲ.ሲ.ኤ. ፈተና ቀድሞ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጁንና በዲሴምበር ብቻ ይሰጥ ነበር። ከ2016 ጀምሮ አራት ጊዜ ሆኗል። ለተፈታኙ ምቾት ታስቦ የተደረገ ነው፤ መልካምም ነው። ነገር ግን «ለሚቀጥለው እቀመጣለሁ» ማለትን አቅልሎታል። ስድስት ወር የሚያስጠብቅ ቀጠሮ ያስፈራል፤ ሦስት ወር የሚያስጠብቅ አያስፈራም።

እኔ በሁለተኛው ጊዜ ያቋረጥሁት ሥራ ስለበዛብኝ ነው እል ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ሥራው በሦስተኛው ጊዜም አልቀነሰም። የተለወጠው ነገር ቢኖር አራት የሥራ ባልደረቦች ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ በአንዷ ቤት መገናኘት መጀመራችን ነው። የተዋሐዱ ኩባንያዎችን ሒሳብ የምንሠራው በምግብ ጠረጴዛ ላይ ነበር። እናቷ ቡና ያፈላሉ። ስለ ሙያው የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ ግን አንዳችን ከዘገየን ሲኒ እየቆጠሩ «ምነው ዛሬ ሦስት ናችሁ?» ይሉ ነበር። የቀረ ሰው የሚቀጥለውን ሳምንት ስኳርና ቡና ይዞ እንዲመጣ ተስማማን። በዝናብ፣ መብራት በጠፋበት ቀን፣ የመሥሪያ ቤት ሒሳብ በሚዘጋበት በሰኔ መጨረሻ እንኳ ሄጃለሁ። አንዳንድ ቀን አንድ ጥያቄ እንኳ ሳንጨርስ ተነሥተናል፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ደመወዝ ያወራንበትም ቅዳሜ ነበር። ቢሆንም በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ እንገናኛለን።

ከአራታችን ሦስታችን ጨረስን። አራተኛው ስድስት ወረቀት ካለፈ በኋላ ወደ ውጭ አገር ሄደና አቋረጠ። ባለፈው ዓመት ከዚያው ስልክ ደውሎ የቀሩትን ለመፈጸም እንደገና መመዝገቡን ነገረኝ። ከማን ጋር እንደሚያጠና ጠየቅሁት። ገና ሰው አላገኘሁም አለኝ። እኛ ቅዳሜ በስንት ሰዓት እንገናኝ እንደነበር አስታውሶ፣ በእርሱ አገር ሰዓት ስንት እንደሚሆን ማስላት ጀመረ።