ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ ያለው የሐበሾች ቤት

በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ፣ ሮማውያን ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ፣ የሚሏት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። አሮጌው የጴጥሮስ ባዚሊካ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ፈርሶ በአዲስ ሲተካ እሷ ስለተረፈች፣ ዛሬ በቫቲካን ከተማ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በዕድሜ የሚቀድማት የለም። ትውፊት አመሠራረቷን ከ5ኛው ክፍለ ዘመን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ከቀዳማዊ ልዮን ጋር ያያይዘዋል። የእብነ በረድ መቃኗ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተቀረጸ ሲሆን፣ ከቅጠላ ቅጠሉ ሐረግ በላይ የበጉ ምስል ከነመስቀሉ ይታያል። ወደ ውስጥ የገባ ደግሞ በግዕዝ የተጻፉ የመቃብር ድንጋዮች ያገኛል። የግዕዝ ጸሎት በአውሮፓ ምድር ሥር የሰደደው በዚህች ቤት ዙሪያ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ሐበሾቹ ሮም የደረሱት በአብዛኛው በኢየሩሳሌም በኩል ነው። ከኢትዮጵያ በግብፅ አድርጎ ቅድስት አገር የተሳለመ መነኩሴ ጉልበትና ስንቅ ከተረፈው በቆጵሮስ ወይም በቬኒስ በኩል ተሻግሮ የጴጥሮስንና የጳውሎስን መቃብር ለመሳለም ይሄድ ነበር። የቤተ መንግሥት መልእክተኞችም አልጠፉም፤ የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች በ1402 ቬኒስ ገብተዋል። ሆኖም መልእክተኛ ጉዳዩን ፈጽሞ ይመለሳል። አንድ ማኅበር እንዲጸና በየቀኑ ለሰዓታትና ለቅዳሴ የሚነሣ ሰው ያስፈልገዋል፤ ያ ሰው መነኩሴው ተሳላሚ ነበር።

በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ1441፣ የኢየሩሳሌሙ የሐበሻ ገዳም አበምኔት ኒቆዲሞስ የላኳቸው መነኮሳት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኤውጄንዮስ 4ኛ ከጠሩት የፍሎረንስ ጉባኤ ፊት ቀረቡ። ጉባኤው የምሥራቅና የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናትን ለማስታረቅ የተሰበሰበ ነበር። የሮም ሰዎች የመነኮሳቱን መምጣት እንደ አንድነት ፊርማ ሊያዩት ፈለጉ፤ ኒቆዲሞስ ግን ያለ ንጉሡ ፈቃድ እንዲህ ያለውን ነገር መጨረስ እንደማይችሉ ያውቁ ነበር። ይህ አለመግባባት ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ይዘልቃል። ሮም እንግዶቿን እንደ ተመለሱ ልጆች ስትቆጥራቸው፣ ብዙዎቹ ራሳቸውን የሚያዩት በእስክንድርያ መንበር ሥር እንዳሉ ተዋሕዶዎች ሆነው ቅዱስ ቦታ ሊሳለሙ እንደመጡ ነበር። መነኮሳቱ ወደ ሮም ከተማ መግባታቸውን ፊላሬቴ በ1445 በጨረሰው የነሐስ በር ላይ ቀርጾታል። በሩ ዛሬም የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ መካከለኛ በር ሆኖ ያገለግላል።

ማረፊያ ቤቱ የመጣው ከአንድ ትውልድ በኋላ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስቶስ 4ኛ በዘመነ ሢመታቸው (1471–1484) የእስጢፋኖስን ቤተ ክርስቲያንና አጠገቧ ያለውን ገዳም ለአፍሪካ ተሳላሚዎች መደቡ፤ እየቆየም ቦታው የሐበሾች ብቻ ሆነ። ቦታው ምቹ ነበር። ከባዚሊካው ጀርባ ስለሆነ እንግዳው ያለ አስተርጓሚ ከመቃብሩ ደጅ ይደርሳል፤ ማታም የአገሩን ቋንቋ ከሚናገሩ ጋር ይበላል፣ በአገሩ ዜማም ይጸልያል። የኋለኛው ታሪክ ሁሉ የተገኘው ከዚህ ከዕለት ጸሎት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ማስረጃውም አለ። በ1511 ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ካህን ሮም ውስጥ ሐበሾች ሲዘምሩ ሰማ። ቃሉ ባይገባውም የቅዱሳን ስሞች ከመካከሉ ሲጠሩ ለየ፤ ቤታቸው ሄዶም ከአባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ዘንድ ግዕዝ መማር ጀመረ። በ1513 መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ። በዓለም ላይ በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይኸው ነው። ፖትከን ቋንቋውን «ከለዳዊ» ብሎ መጥራቱ ስሕተት ነበር፤ ስሕተቱም በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ ለረጅም ጊዜ ቆይቷል። የመጽሐፉ ምርጫ ግን የመነኮሳቱን ኑሮ በትክክል ያሳያል፤ ዳዊት ከእጃቸው የማይለይ፣ አብዛኛውንም በቃላቸው የሚያውቁት መጽሐፍ ነውና።

ቤቱ እጅግ የደመቀው በተስፋ ጽዮን ዘመን ነው። የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ነበር፤ ገዳሙ በአሕመድ ግራኝ ጦርነት ከተቃጠለ በኋላ በ1530ዎቹ ሮም ገባ። ፈረንጆች ጴጥሮስ ኢትዮጵያዊ ይሉት ነበር። በጳውሎስ 3ኛ ዘንድ ተወዳጅ ሆነ፤ ከኢየሱሳውያን ማኅበር መሥራች ከኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ጋርም ይተዋወቅ ነበር። በ1548 እና በ1549 ከሁለት ኢትዮጵያውያን ወንድሞች ጋር ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተመ። ከወንጌላቱ ጋር የቅዳሴ ሥርዓት፣ የዕጣን ባርኮት ጭምር፣ አብሮ ታትሟል፤ ይህም መጽሐፉ ለሊቃውንት መደርደሪያ ብቻ ሳይሆን ለመቅደስ ታስቦ እንደተዘጋጀ ያሳያል።

ሥራው ቀላል አልነበረም። የሐዋርያት ሥራ ሙሉ ቅጂ በእጃቸው ስላልነበረ አብዛኛውን ከላቲንና ከግሪክ ወደ ግዕዝ መልሰውታል፤ ይህንንም ራሳቸው በመጽሐፉ ውስጥ ሳይደብቁ ተናግረዋል። የማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች የሚለቅሙትን ፊደል ማንበብ አይችሉም፤ መነኮሳቱ ደግሞ ፊደል መልቀም አያውቁም። ስለዚህ አንባቢው ስሕተቱን እንዲታገሣቸው ሲለምኑ፣ ሁኔታቸውን ዕውር ዕውርን ከሚመራበት ጋር አመሳስለውታል። በአገር ቤት ጦርነቱ አብያተ ክርስቲያናትን ከነመጻሕፍታቸው ባቃጠለ ማግስት፣ ጥቂት ስደተኞች ባልለመዱት ሙያ ይህን ያህል መሥራታቸው ከየትኛውም የቤተ መንግሥት ደብዳቤ በላይ ክብደት ያለው ነው። ተስፋ ጽዮን በክፍለ ዘመኑ አጋማሽ ገና ሳያረጅ ከሮም አቅራቢያ በምትገኘው ቲቮሊ አረፈ።

ከመቶ ዓመት በኋላ ቤቱ ሌላ ፍሬ ሰጠ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1620ዎቹ የካቶሊክን እምነት የመንግሥት ሃይማኖት አድርገው ነበር። በ1632 አገሩ ወደ ተዋሕዶ ሲመለስና ከዚያም ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ሲያባርሩ፣ ከእነሱ ጋር ከወጡት አንዱ የአምሐራው መካነ ሥላሴ ሰው አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለ ወጣት ጀርመናዊ በእስጢፋኖስ ቤት አገኛቸው። ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጽሐፍ እንጂ ከሰው አፍ ሰምቶ አያውቅም፤ የመጀመሪያው ንግግራቸው እንዴት እንደተጎተተ መገመት ቀላል ነው። አባ ጎርጎርዮስ በ1652 ሉዶልፍ ወዳለበት ወደ ጎታ ከተማ ተጉዘው ስለ አገራቸው ሕዝብ፣ በዓላትና ቋንቋ ያወቁትን ነገሩት። ሉዶልፍ በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክና በ1698 ያወጣው የአማርኛ ሰዋስው የዚያ ጭውውት ልጆች ናቸው። አባ ጎርጎርዮስ ግን መጻሕፍቱን አላዩም፤ በ1658 ወደ ምሥራቅ ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ ሞቱ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ጠበበ። ፋሲለደስ የካቶሊክ ካህን እንዳይገባ የባሕሩን በር ስለዘጉ የተሳላሚው ቁጥር ቀነሰ፤ 18ኛው ክፍለ ዘመንም ለቤቱ የዝምታ ዘመን ሆነ። የግዕዝ ሥርዓት በካቶሊኮች ዘንድ እንደገና የተነሣው በሮም ሳይሆን በትግራይና በአካለ ጉዛይ ነው። ጣሊያናዊው የላዛሪስት ማኅበር ሚስዮናዊ ዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስ ምእመናኑን ወደ ላቲን ሥርዓት ከመጎተት ይልቅ ራሱ የሐበሻን ልማድ ያዘ። በ1841 ኢትዮጵያውያን ልዑካንን መርቶ ሮም ሲገባ አብረውት ከሄዱት መካከል ያን ጊዜ ገና ኦርቶዶክስ የነበሩት መምህር ገብረ ሚካኤል ይገኙበታል። እሳቸው ኋላ ካቶሊክ ሆነው በ1855 በእስር ሞቱ፤ በ1926 በሮም ብፁዕ ተባሉ። ዴ ያቆቢስ ደግሞ በ1975 ቅዱስ ተብሏል።

ማረፊያ ቤቱን ወደ ትምህርት ቤት የለወጡት ቤነዲክቶስ 15ኛ ናቸው፤ በ1919 የኢትዮጵያ ኮሌጅን በእስጢፋኖስ አቋቋሙ። ቤቱ ሲጠብ ፒዮስ 11ኛ በቫቲካን የአትክልት ቦታ አዲስ ሕንፃ አሠሩ፤ ነዳፊው ጁሴፔ ሞሞ ነበር፤ ኮሌጁም በ1930 ወደዚያ ተዛወረ። በሮም የተለያዩ አገሮች ኮሌጆች ብዙ ቢሆኑም በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ያለው ይህ ብቻ ነው። ወዲያው ግን ከባድ ዓመታት መጡ። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1935 ኢትዮጵያን ስትወርር ተማሪዎቹ ከወራሪው ዋና ከተማ መካከል፣ ነገር ግን ከወራሪው መንግሥት ድንበር ውጭ፣ ቀድሰው ያድሩ ነበር። የእነዚያ ወጣቶች ልብ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበር የኮሌጁ ታሪክ ሲጻፍ የሚገባውን ያህል አይነሣም።

ሥርዓቱም ከባዕድ ተጽዕኖ አላመለጠም። የመቁጠሪያ ጸሎት፣ የቅዱስ ልብ አምልኮ፣ የቅዱስ ቁርባን ስግደት ከላቲን ቤተ ክርስቲያን ገብተው ብዙ ምእመናን እንደ አባቶቻቸው ልማድ ያዟቸው። 2ኛው የቫቲካን ጉባኤ (1962–1965) ሲካሄድ በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ከበሮና ጸናጽል ያለበት የግዕዝ ቅዳሴ ተቀደሰ፤ በ1964 የወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ድንጋጌም እያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን የራሱን ጥንታዊ ሥርዓት እንዲጠብቅ አሳሰበ። እንዲያም ሆኖ መቁጠሪያው ከእናቶች እጅ አልወጣም፤ ይውጣ ያለም ብዙ ሰው የለም።

ከ1974ቱ አብዮት ወዲህ ወደ ጣሊያን የመጣው ተሳላሚ ወይም ተማሪ ብቻ አይደለም፤ ስደተኛ፣ የቤት ሠራተኛ፣ ቤተሰብ ሆነ። የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊኮች በዋሽንግተንም በኪዳነ ምሕረት ስም ይሰበሰባሉ። ለዚህ መስፋፋት አንድ ተግባራዊ ምክንያት አለ። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ለቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ በካቶሊኩ በኩል ግን አንድ ካህን ከሕዝቡ ጋር መቀደስ ይችላል። ለትምህርት የመጣ አንድ ቄስ በተውሶ በተገኘ የላቲን ቤተ ክርስቲያን፣ የሰፈሩ ቅዳሴ ካበቃ በኋላ፣ ማኅበር ሊያቆም የቻለው በዚህ ነው።

አስቸጋሪው የበዓል ቀን ነው። ላቲኖች እስጢፋኖስን ዲሴምበር 26 ያከብራሉ፤ በኢትዮጵያ ስንክሳር ዕረፍቱ ጥር 1፣ ሹመቱ ጥቅምት 17 ነው። ገናም እንዲሁ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋር በዲሴምበር 25፣ ወላጆቹ በታኅሣሥ 29። መስቀልና ጥምቀት በሥራ ቀን ሲውሉ ማኅበሩ ወደ እሑድ ያዛውራቸዋል፤ አረጋውያኑ ግን በዕለቱ ጧፍ ሳያበሩ አይውሉም። ኮሌጁ ዛሬም በአትክልቱ መካከል ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ለከፍተኛ ትምህርት የሚመጡ ካህናትን ይቀበላል፤ ቀን በሮም ዩኒቨርሲቲዎች በጣሊያንኛ ይማራሉ፣ ጸሎታቸውን በግዕዝ ሥርዓት ያደርሳሉ።