ታሪካዊ ሕንፃን ለቴአትር ማዋል፦ የብሔራዊ ቴአትር ተሞክሮ

ለሌላ አገልግሎት የታሰበን ሕንፃ ወደ ቴአትር ቤትነት መለወጥ በኢትዮጵያ የቆየ ልምድ ነው። በ1910ዎቹ ዓ.ም. የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የታየው በአዲስ አበባ ቴራስ ሆቴል እንደነበር ይታወሳል።

የለውጡ ጉልህ ምሳሌ ብሔራዊ ቴአትር ነው። ሕንፃው በኢጣልያ ወረራ ዘመን «ሲኒማ ማርኮኒ» በሚል ስያሜ ለፊልም ማሳያነት ተጀምሮ ሳይጠናቀቅ ቀርቷል። በኋላም ፈረንሳዊው አርክቴክት ሄንሪ ሾሜት በተሳተፈበት ሥራ ተጠናቆ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት 25ኛ ዓመት በተከበረበት በ1948 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ስም ተሰይሞ ተመርቋል። በምርቃቱም የመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ለመድረክ በቅቷል። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ቴአትር ቤቱ የአሁኑን ስያሜ አግኝቷል።

ለአዳዲስ የመድረክ ሙከራዎች ግን ትልቅ አዳራሽ የግድ አያስፈልግም። የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ከሆነ በኋላ፣ በዩኒቨርሲቲው ሥር የተቋቋመውና በኋላ ተስፋዬ ገሠሠ የመሩት የኪነ ጥበብ ማዕከል ለጸሐፌ ተውኔቶችና ለተዋንያን መፈተኛ ሆኖ አገልግሏል።

ለፊልም ነጭ መጋረጃና የማሳያ መሣሪያ ሊበቃ ይችላል። ቴአትር ግን መድረክ፣ የተዋንያን መግቢያና መልበሻ ክፍል፣ የመብራት መስቀያ፣ ከሁሉም በላይ ለተመልካች በቂ የአደጋ ጊዜ መውጫ ይጠይቃል። እነዚህን ለማሟላት ግድግዳ ሲፈርስ ወይም ጣሪያ ሲነሣ የሕንፃው ታሪካዊ ይዘት ሊጠፋ ይችላል። የጠፋውን ደግሞ በበጀት መመለስ አይቻልም።

በዚህ ረገድ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የሚካሄድ ማንኛውም የጥገናና የእድሳት ሥራ አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ እንዲያገኝ ይደነግጋል።

ድንጋጌው ከመዲናዋ ውጭ ለሚገኙ አስተዳደሮችም ይሠራል። በደቡብ ወሎ የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ የነበረው የደሴው «አይጠየፍ» ቀደምት አዳራሾች የሕዝብ መሰብሰቢያ ስለመሆናቸው ምስክር ነው። እንደ መካነ ሰላም ባሉ ከተሞችም አንድ ነባር ሕንፃ ለኪነ ጥበብ እንዲውል ሲታሰብ፣ የሕንፃውን ይዞታ በፎቶግራፍና በልኬት መመዝገብ፣ ፈቃድ መጠየቅ፣ ከምርቃት በኋላ የሚያስተዳድረውን አካልና የጥገና በጀቱን አስቀድሞ መወሰን ተገቢ ነው። ይህ ካልሆነ ቅርሱም ቴአትሩም ባለቤት ያጣሉ።