ከኪስ እስከ ጆሮ

ሙዚቃ ለረጅም ዘመን የጋራ ሀብት ሆኖ ኖሯል። ከሠርግ ዳስ እስከ ቡና ቤት ራዲዮ ድረስ አንዱ ሲሰማ ሌላውም አብሮ ይሰማ ነበር። ሙዚቃን ከአደባባይ አንሥቶ በአንድ ሰው ኪስ የከተተው ዕቃ የወጣው በቶኪዮ፣ በሐምሌ 1979 ነው። ስሙም ዎክማን ይባላል። እኛም ዘንድ ይህ ስም ከሶኒ ኩባንያ አልፎ የማንኛውም የኪስ ቴፕ መጠሪያ ሆኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ ካሴቱ በሲዲ፣ ሲዲውም በፋይል ተተክቷል። አንድ ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ አልተለወጠም፤ በኪስ የሚያዝ ዕቃ ለጆሮ የሚበቃ ኃይል ከየት ያመጣል? (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጆሮ ማዳመጫ ከኪስ ማጫወቻ በዕድሜ እጅግ ይበልጣል። በ1910 በአሜሪካ የዩታ ግዛት ናትናኤል ባልድዊን የሠሩትን ማዳመጫ የገዛው የአገሪቱ ባሕር ኃይል ነበር። በ1958 ደግሞ የሚልዋኪው ጆን ኮስ ለስቴሪዮ ሙዚቃ የታሰበ ማዳመጫ ለገበያ አቀረቡ። በዚያ ዘመን ማዳመጫው የሚሰካው በጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ ማጉያ ላይ ነው። ኤሌክትሪኩ ከግድግዳ ስለሚመጣ የኃይል ነገር ማንንም አያሳስብም ነበር። ጀርመኖች በ1968 ያወጡት የዜንሃይዘር ኤችዲ 414 ማዳመጫ 2000 ኦም ተቃውሞ ነበረው፤ ይህም ማለት በቂ ድምፅ እንዲያወጣ ከፍ ያለ ቮልት ይፈልጋል ማለት ነው።

ነገሩን የለወጡት የሶኒ መሥራች ማሳሩ ኢቡካ ናቸው። ኢቡካ በአውሮፕላን ሲጓዙ ሙዚቃ መስማት ይወዱ ነበር። ይዘውት የሚሄዱት የኩባንያው ቴፕ ግን ከባድ ስለሆነባቸው ቀለል ያለ እንዲሠራላቸው ጠየቁ። መሐንዲሶቹም ፕሬስማን የተባለውን ለጋዜጠኞች የተሠራ ትንሽ መቅረጸ ድምፅ ወስደው መቅጃውንና ስፒከሩን አወጡለት፤ በምትኩ የስቴሪዮ ማጉያ ከተቱበት። ዋጋው 33,000 የን ነበር። በመጀመሪያ የተሠሩት 30,000 ዎክማኖች እስከ ነሐሴ መጨረሻ ተሸጠው አለቁ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር አለ። ማጫወቻው ብቻውን አልተሠራም። የዚያን ጊዜው ደኅና ማዳመጫ ከ300 እስከ 400 ግራም ሲመዝን፣ ከዎክማን ጋር የመጣው 50 ግራም ያህል ብቻ ነበር። በሁለት የባትሪ ድንጋይ ለሚሠራው ማጫወቻ ተስማሚ ሆነ። ሁለቱ ዕቃዎች ተመጣጥነው የተገናኙ ናቸው ማለት ይቻላል።

መመጣጠኑ የፈረሰው ማጫወቻው እየተሻሻለ ሲሄድ ነው። በ1984 ሶኒ ዲ-50 የተባለውን ተንቀሳቃሽ የሲዲ ማጫወቻ አወጣ። የካሴት ሹክሹክታ ጠፋ፤ ድምፁም ጠራ። አድማጩ እንግዲህ የስቱዲዮ ማዳመጫውን ከኪስ ማጫወቻው ጋር ለማገናኘት ቢሞክር ድምፁ ደከመበት። ምክንያቱ ቀላል ሂሳብ ነው። ሁለት ድንጋይ 3 ቮልት ቢሰጥ፣ ማጉያው ለማዳመጫው ሊያደርስ የሚችለው ቢበዛ 1 ቮልት ገደማ ነው። ይህ 1 ቮልት 32 ኦም ባለው ማዳመጫ ላይ 31 ሚሊዋት ያህል ኃይል ይሆናል። በ1997 እንደወጣው ኤችዲ 600 ባለ 300 ኦም ማዳመጫ ላይ ግን ከ3 ሚሊዋት ብዙም አይበልጥም።

ይህን ጉድለት ንግድ ካደረጉት መካከል በ1992 በአሜሪካ ሞንታና ግዛት የተቋቋመው ሄድሩም ይገኝበታል። ለማዳመጫ ብቻ የሚሆን፣ ከቦርሳ የሚገባ ማጉያ ሠራ። ከግራው ድምፅ ጥቂት ወደ ቀኝ፣ ከቀኙም ወደ ግራ የሚያቀላቅል ዘዴ ጨመረበት፤ ሙዚቃው በራስ ቅል ውስጥ ከመታፈን ይልቅ ከፊት ለፊት የሚመጣ እንዲመስል ታስቦ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ቹ ሞይ የተባሉ ሰው ማንም በርካሽ ሊሠራው የሚችል ማጉያ ንድፍ አወጡ። ባለ 9 ቮልት ድንጋይ፣ ጥቂት ዕቃዎችና የከረሜላ ቆርቆሮ በቂ ነበሩ። በብዙ አገር የሚገኙ ወጣቶች ብየዳ የለመዱት በዚህች ቆርቆሮ ነው።

በጥቅምት 2001 አይፖድ መጣ። የማዳመጫ ሶኬቱን ከውጭ ማጉያ ጋር ያገናኘ ሰው አንድ ጊዜ የጎላውን ድምፅ ከነሹክሹክታው እንደገና ያጎላል። ከ2003 ጀምሮ ከሥሩ የተገጠመለት ሰፊ መሰኪያ ግን ያልጎላውን ድምፅ በቀጥታ ያወጣ ነበርና፣ አዋቂዎቹ ማጉያቸውን ከዚያ ያገናኙ ጀመር። ሁለቱን በላስቲክ አስረው እንደ ጡብ የሚከብድ ነገር በኪሳቸው ይዘው ዞሩ። ኢቡካ የሸሹት ክብደት ተመልሶ መጣ።

ሕግም በነገሩ ገባበት። ፈረንሳይ በ1996 የኪስ ማጫወቻ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ ደነገገች፤ አይፖድም በ2002 ለዚሁ ሲባል መስተካከል ነበረበት። ሕጉ ያሰበው ለወጣቱ ጆሮ ነው። ማጉያ ገዢው ግን ሕጉ የከለከለውን ኃይል በገንዘቡ መልሶ ሊያገኝ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ለአዋቂ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሰዓቱ ልክ በግማሽ ይቀንሳል፤ በ86 ዴሲቤል የሚፈቀደው 10 ሰዓት ብቻ ነው ማለት ነው። የተጎዳን ጆሮ ምንም ማጉያ አይመልሰውም።

ከ2010 በኋላ ኩባንያዎች ማጉያውን መልሰው ወደ ማጫወቻው ሆድ ከተቱት። በ2012 የኮሪያው አስቴል ኤንድ ከርን ኤኬ100ን፣ በ2016 ሶኒ በወርቅ የተለበጠ የመዳብ አካል ያለውን ባለ 3,200 ዶላር ዎክማን አወጡ። በዚያው ዓመት አፕል ከአይፎን 7 ላይ የማዳመጫ ሶኬቱን ነቀለ፤ ጣት የማታክል መቀየሪያ ሽቦም ተተካች። ለብዙ ቀላል ማዳመጫዎች ይህች ሽቦ ትበቃቸዋለች።

ታዲያ ገዢ ምን ይመልከት? ከዋጋው ይልቅ መመጣጠኑን ነው። ባለ 300 ኦም ማዳመጫ ቮልት ይፈልጋል፤ ባለ 16 ኦሙ ብዙ ቮልት ሳይሆን ተቃውሞው አነስተኛ የሆነ ማጉያ ይሻል። በተለምዶ የማጉያው ተቃውሞ ከማዳመጫው ስምንት አንድ እጅ እንዳይበልጥ ይመከራል። ይህ ካልሆነ በብዙ ማዳመጫዎች ላይ የድምፁ ሚዛን ይዛባል፤ ወርቅ ቢለበጥም አያድነው።

የመጀመሪያው ዎክማን ሁለት የማዳመጫ ሶኬት ነበረው። የኩባንያው ሊቀመንበር አኪዮ ሞሪታ አንድ ሰው ብቻውን መስማቱ ነውር እንዳይሆን ስለሰጉ፣ ጓደኛም አብሮ እንዲሰማ ታስቦ ነው። ባለወርቁ ዎክማንም ሁለት ሶኬት አለው፤ አንዱ 3.5፣ ሌላው 4.4 ሚሊሜትር። ሁለቱም ግን ለዚያው ለአንዱ ሰው ናቸው፤ ማዳመጫ ሲቀያይር በየመሰኪያው ልክ እንዲሰካ።