ጥርስ ከመሰርሰሩና ከመነቀሉ በፊት

የጥርስ ሕክምና ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የመሰርሰሪያው ድምፅ አሊያም የመንቀያው ጉጠት ነው። ሕመሙ እንቅልፍ እስኪነሳን ድረስ ወደ ሐኪም የማንሄደውም በከፊል ይህንኑ ስለምንፈራ ነው። ይሁን እንጂ ከቅርብ አሥርት ዓመታት ወዲህ የሙያው አሠራር ተለውጧል። የዛሬው መርህ በተቻለ መጠን ጤነኛውን የጥርስ ክፍል ሳይነኩ ማከም ነው።

አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ጂ.ቪ. ብላክ እ.ኤ.አ. በ1908 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ መቦርቦሩ እንዳይመለስ በዙሪያው ያለው ጤነኛ ክፍል ጭምር ተቆፍሮ እንዲሞላ ያስተምሩ ነበር። በተጨማሪም የዘመኑ መሙያ አማልጋም ከጥርስ ጋር ስለማይጣበቅ አጥብቆ የሚይዘው ጉድጓድ ያስፈልገው ነበር። በ1955 ማይክል ቦኖኮር የተባሉ ተመራማሪ የጥርስን ሽፋን (ኢናሜል) በአሲድ በማሻከር መሙያ ማጣበቅ እንደሚቻል አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ሰፊ ጉድጓድ የመቆፈሩ አስፈላጊነት እየቀነሰ መጣ።

መቦርቦር በአንድ ጀንበር አይከሰትም። በአፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳርን ወደ አሲድ ይለውጣሉ፤ አሲዱም የኢናሜሉን ማዕድን ያሟሟል። ምራቅና ፍሎራይድ ደግሞ ማዕድኑ እንዲመለስ ያግዛሉ። በመሆኑም ገና በነጭ ነጥብነት ደረጃ ላይ ያለ ጉዳት ሳይሰረሰር ሊገታ ይችላል። ቀዳዳ ከተፈጠረ በኋላ ግን ጥርስ ራሱን አይሞላም።

ቀዳዳ ለተፈጠረባቸው ጥርሶችም ቢሆን ቀለል ያሉ ዘዴዎች አሉ። በ1980ዎቹ አጋማሽ በታንዛኒያ የተጀመረው ዘዴ የበሰበሰውን ክፍል በእጅ መሣሪያ ብቻ ጠርጎ በግላስ አዮኖመር ሲሚንቶ ይሞላል፤ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የተባለው ፈሳሽ ደግሞ ሲቀባ መቦርቦሩን ሊያስቆም ይችላል፤ የተቀባውን የተቦረቦረ ክፍል ግን ያጠቁረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ሁለቱንም በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አካትቷቸዋል።

እነዚህ ዘዴዎች የሚሠሩት ግን በጊዜው ለደረሰ ሰው ነው። ኢንፌክሽኑ ነርቩ ዘንድ ከደረሰ የሥር ሕክምና ወይም መንቀል ግድ ይላል። ስለዚህ ሕመም ሳይጠብቁ መመርመር፣ በፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ መቦረሽና ጣፋጭ መቀነስ ይበጃል። የመጠጥ ውኃው ፍሎራይድ በሚበዛበት የስምጥ ሸለቆ አካባቢ ያደጉ ወይም ልጅ የሚያሳድጉ ሰዎች ይህንኑ ለሐኪማቸው ቢነግሩ መልካም ነው። መሰርሰሪያው ከመነሳቱ በፊትም፣ “ይህ ጥርስ ሳይሰረሰር ሊድን ይችላል ወይ?” ብሎ መጠየቅ የታካሚው መብት ነው።