የመሰናዶ እንግሊዝኛ፦ ከፈተና ውጤት ባሻገር

ፈላጅ ሃዛ በአቡ ዳቢ ኤሚሬት በአል ዓይን ከተማ የሚገኝ የመኖሪያ ሰፈር ነው፤ ስሙም ውኃን ወደ ተምር እርሻ የሚያደርሰውን ጥንታዊ ቦይ፣ ፈላጅን፣ ያስታውሳል። የአገሪቱ የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ፣ የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው በዚሁ ከተማ ነው።

የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለረጅም ዘመን በዓረብኛ ሲያስተምሩ፣ በ1988 የተቋቋሙት የከፍተኛ ቴክኖሎጂ ኮሌጆችና በ1998 የተመሠረተው ዛይድ ዩኒቨርሲቲ ግን እንግሊዝኛን የማስተማሪያ ቋንቋ አደረጉ። በመካከል የተፈጠረውን ክፍተት የሞላው «ፋውንዴሽን» የተባለው የመሰናዶ ጊዜ ነበር። ተማሪው የመረጠውን የትምህርት ዘርፍ ከመጀመሩ በፊት በተለይ እንግሊዝኛውን ያጠናክርበታል። ጥቅሙ የማያጠያይቅ ቢሆንም ዋጋው ቀላል አልነበረም፤ ወደ ዲግሪ የማይቆጠር አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። መንግሥት በ2014 ይህ ዓመት እስከ 2018 እንዲቀር ማቀዱን አስታወቀ፤ ሸክሙም ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንዲዞር ታሰበ። የመግቢያ መለኪያ የነበረው «ኤምሳት» የተባለው ብሔራዊ ፈተናም በኖቬምበር 2024 ግዴታነቱ ቀርቷል።

ከውጭ የሚመጣ አመልካች በብዛት የሚጠየቀው የአይኤልትስ ወይም የቶፍል ውጤት ነው። አይኤልትስ ማዳመጥን፣ ማንበብን፣ መጻፍንና መናገርን ይመዝናል፤ ከፍተኛው ነጥብ 9 ነው። «አካዳሚክ» እና «ጄኔራል ትሬኒንግ» የተባሉ ሁለት ዓይነቶች ስላሉት አመልካቹ ከመመዝገቡ በፊት ዩኒቨርሲቲው የትኛውን እንደሚቀበል ማረጋገጥ ይኖርበታል፤ የሚፈለገው እንደ ደንቡ የመጀመሪያው ነው።

ይሁንና ፈተናውን ማለፍና በእንግሊዝኛ መማር ለየቅል ናቸው። የአይኤልትስ የጽሑፍ ክፍል በ60 ደቂቃ ሁለት ጽሑፎችን፣ አንዱን ቢያንስ በ150፣ ሌላውን ቢያንስ በ250 ቃላት ይጠይቃል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን ብዙ ገጾችን አንብቦ ሐሳቡን በራሱ ቃል ማስቀመጥ፣ ምንጩን መጥቀስ፣ መምህሩ እየተናገረ ሳለ ዋናውን ነጥብ ለይቶ ማስታወሻ መያዝ አለበት። የሌላውን ጽሑፍ ሳይጠቅሱ መገልበጥ በብዙ ተቋማት ከባድ ቅጣት ያስከትላል፤ ጥቅስን ከመማሪያ መጽሐፍ ቃል በቃል ማጥናት ሲያስመሰግነው የኖረ ተማሪ ደግሞ ጥፋቱን እንኳ ላያውቀው ይችላል። ጥሩ የመሰናዶ ትምህርት ጊዜውን የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው።

የቃላቱም ጉዳይ እንዲሁ ነው። አቬሪል ኮክስሄድ የተባሉት የኒውዚላንድ ተመራማሪ በ2000 ያሳተሙት የአካዳሚያዊ ቃላት ዝርዝር 570 የቃል ቤተሰቦችን ይዟል። እነዚህ ቃላት በየትኛውም የትምህርት ዘርፍ ጽሑፍ ውስጥ የሚመላለሱ ሲሆኑ፣ ከጽሑፉ 10 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። በገበያና በሥራ ቦታ እንግሊዝኛ አቀላጥፎ የሚናገር ሰው መማሪያ መጽሐፍ ሲከፍት የሚቸገረው ከእነዚህ ብዙዎቹ በዕለት ንግግር ስለማይገጥሙት ነው።

ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ይህን ችግር በራሳቸው መንገድ ያውቁታል። በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሰጣል። በ1986 ዓ.ም. የወጣውን የትምህርት ፖሊሲ ተከትሎ 11ኛና 12ኛ ክፍል የመሰናዶ ደረጃ ሆነው የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት፣ «ፍሬሽማን» የሚባለው፣ ቀርቶ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. ተመልሷል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ በሆኑ ጊዜም በዩኒቨርሲቲዎች የማካካሻ ትምህርት ተጀመረ። ስለዚህ አራት ዓመት በእንግሊዝኛ ተምሮ የመጣ ወጣት መሰናዶ ሲመደብ እንደ ውርደት ሊቆጥረው አይገባም።

ከመመዝገብ በፊት ግን ሊጠየቁ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። ትምህርቱን ያጠናቀቀ ሰው በቀጥታ ወደ ዲግሪ ይገባል ወይስ ፈተናውን እንደገና ይቀመጣል? ክፍያው ከዲግሪው ክፍያ ውጭ ነው? መምህሩ የተማሪውን ጽሑፍ አርሞ ይመልሳል? የአይኤልትስ ውጤት በአብዛኛው የሚያገለግለው ለ2 ዓመት በመሆኑ፣ ቀድሞ የተፈተነና ረጅም መሰናዶ የሚጀምር ሰው የውጤቱን ቀን ከመግቢያው ቀን ጋር ማስላት ይኖርበታል።