ማክሮ ፎቶግራፍ፣ በቤት ውስጥ መሣሪያ

ማክሮ ፎቶግራፍ ነፍሳትንና አበባን በካሜራው ሴንሰር ላይ በእውነተኛ መጠናቸው ወይም ከዚያ አግዝፎ ማንሳት ነው። ልዩ ሌንሱ ውድ ነው፤ ያለ እሱም ይሠራል። ቀላሉ ዘዴ ሌንስን ገልብጦ መግጠም ሲሆን፣ የብርሃን መክፈቻው በእጅ የሚዞር አሮጌ ሌንስ ከዘመናዊው ይሻላል። ሁለተኛው በሌንሱና በካሜራው መካከል ባዶ ቱቦ ማስገባት ነው፦ 50 ሚሊ ሜትር ቱቦ ከ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር 1 ለ 1 ያደርሳል፤ ብርሃኑ ግን ወደ ሩብ ይወርዳል። የውሃ ቧንቧ ፕላስቲክ ቁራጭ ይበቃል፤ ውስጡ በጥቁር ወረቀት ካልተለበጠ ግን ምስሉ ይገረጣል።

ዋናው ፈተና ብርሃን ነው። ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ባሉት ደብረ ብርሃንና አንኮበር የቀትር ፀሐይ ጥላውን ያጠቁራል፣ የጢንዚዛውን ጀርባ ያነጣል። የፍላሽ ብርሃን ግን ነጭ ፌስታል ወይም ድርብ ሶፍት ከፊቱ ሲወጠር ይለሰልሳል። ንጋት ላይ ደግሞ ብርዱ ነፍሳቱን ያደነዝዛል፤ ጤዛ የለበሰ ቢራቢሮ አይሸሽም። በ1882 እ.ኤ.አ. አንኮበር አጠገብ ሕይወቱ ያለፈው ጣሊያናዊ ተመራማሪ ኦራዚዮ አንቲኖሪ እንስሳቱን ገድሎ ይሰበስብ ነበር፤ ካሜራ ይህን አይጠይቅም። ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ከአንድ ሚሊ ሜትር ሊያንስ ስለሚችል፣ የሌንሱን ቀለበት ከማዞር ራስን ወደፊትና ወደኋላ ማለት ይቀላል።