ድንኳኑ የት ይተከል?

ጆሮ ስጡኝማ! የቢቸናና የሞጣ ልጆች ቅዳሜና እሁድን ውሃ ዳር እናሳልፍ ብለው ተነስተው፣ ድንኳናቸውን የት እንደሚተክሉ የተሟገቱትን ሙግት ላውጋችሁ። ነገሩ የሆነው መንገዱ ደህና በነበረበት ጊዜ ነው፤ ሰው ከቢቸና ተነስቶ በደብረ ወርቅ ሞጣ፣ ከሞጣ ባሕር ዳር ሳይሰጋ የሚመላለስበት ጊዜ። ያን ጊዜ እግዜር ይመልሰው።

ወሩ ጥቅምት ነው። ዝናቡ ወጥቷል፣ ጤፉ ማሸት ጀምሯል። ቢቸና ውስጥ አንድ መምህር አለ፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመዱ ድንኳን ትቶለት ሄዷል። እህቱን አማከረ፣ ሞጣ ያሉ ሁለት ጓደኞቹን ጠራ፣ ከሁለቱ አንደኛው የጤና ባለሙያ ነው፤ አንድ ባለ ሚኒባስም በነዳጅና በምግቡ ሊወስዳቸው እሺ አለ። በመሄዱ ሁሉም ተስማሙ። የት? ሲባል ግን አንዱ ካንዱ አልገጠመ።

እንግዲህ አገራችን እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። ለምሥራቅ ጎጃም ሰው ደግሞ ምጽዋም ብትሆን ድሮም ሩቅ ነበረች። ቢቸናም ሞጣም 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጡ፣ ጠዋት ጋቢ የሚያስደርቡ ከተሞች ናቸው። ከዚያ ሆኖ ውሃ ዳር ልደር ላለ ሰው ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ ጣና፣ ወይ ዓባይ።

መምህሩ ጎርጎራ አለ። ጎርጎራ በጣና ሰሜን ዳርቻ ያለች፣ አፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት የሠሩባት ቦታ ናት። አንድ የሆላንድ ባልና ሚስት እዚያ ሐይቁ ዳር የድንኳን ማደሪያ ከፍተው ነበርና፣ አፍሪካን በመኪና የሚያቋርጡ ፈረንጆች ጎርጎራን ያውቋታል። መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2020 በገበታ ለሀገር ካነሳቸው ሦስት ቦታዎች አንዷ እሷ ሆነች። መምህሩ የተመኘው የተሰናዳ ቦታ ነው፤ መጸዳጃው ያለ፣ ጥበቃው ያለ፣ ገንዘብ ከፍለህ ድንኳንህን ዘርግተህ የምትተኛበት። ምኞቱ ጥሩ ነበር። ሹፌሩ ግን መንገዱን በጣቱ ቆጠረው። ከሞጣ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ከባሕር ዳር ጎንደር ሌላ 180፤ ከዚያ ደግሞ ከአዘዞ ወደ ሐይቁ ቁልቁል። «ቅዳሜን ስንነዳ ውለን እሁድን ስንነዳ ልንመለስ ነው?» አለ። ጎርጎራ በዚሁ ቀረች።

የሞጣዎቹ ልጆች ሰባራ ድልድይ አሉ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ነገሩ ይገባዋል።

ሰባራ ድልድይ በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት፣ ጎጃምንና በጌምድርን ያገናኝ የነበረ የድንጋይ ድልድይ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የመካከሉ ቅስት ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ሙሉ የሁለቱ አገር ሰው በገመድ ተሻገረ! ወዲህ ማዶ ወንዶች ቆመው ገመዱን ይይዛሉ፣ ወዲያ ማዶም ሌሎች ይይዛሉ፤ ተሻጋሪው ወገቡን ታስሮ ከክፍተቱ በላይ ተንጠልጥሎ ይጎተታል። ከበታቹ ዓባይ ነው። እህሉም፣ ጨውም፣ ሕፃኑም እንደዚያው። ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ወጣና ኬን ፍራንትዝ የሚባል አሜሪካዊ የግንባታ ሰው እ.ኤ.አ. በ2001 አየው። አይቶ አላለፈም። በ2002 ክፍተቱን በብረት ድልድይ አስገጠመው፤ «ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ» የተባለው፣ በየአገሩ ለገጠር ሰው የእግረኛ ድልድይ የሚሠራው ድርጅትም ከዚሁ ተወለደ። በ2005 ክረምት ግን ጎርፍ መጥቶ ያንን ጠራርጎ ወሰደው። በ2009 ከቀድሞው ከፍ ብሎ በሽቦ የተንጠለጠለ አዲስ ድልድይ ተሠራ።

የሞጣዎቹ ልጆች ታዲያ «የአገራችንን ታሪክ ሳናይ የሰው ሐይቅ ምን ይሠራልናል? ድንጋዩን ተደግፈን፣ ዓባይን እየሰማን እንደር» አሉ። የሚያጓጓ ነገር ነው፤ እኔም ብሆን አብሬ እላለሁ። ሆኖም ከመሄዳቸው በፊት በወጣትነታቸው በዚያ በር በቅሎ ነድተው ይነግዱ የነበሩ አንድ አዛውንት ሞጣ ውስጥ ነበሩና፣ ሄደው ጠየቋቸው። ብልህነታቸው እዚህ ላይ ነው።

«አባቴ፣ ድልድዩ ሥር ድንኳን ተክለን ልናድር ነው፤ ምን ይላሉ?» አላቸው አንዱ።

«ልጄ፣ እኛ በዓባይ እናልፍ ነበር እንጂ ዓባይ ውስጥ አናድርም ነበር። ቀን ወርደን ቀን እንወጣለን። ማደሪያችን ላይ ነው፣ ደጋው አፋፍ፣ ሰው ያለበት። ቆላ ያደረ ወይ ንዳድ ይይዘዋል፣ ወይ ሽፍታ ያገኘዋል ይባል ነበር።»

ቀጥለውም የፈረንጆቹን ነገር አነሱ። ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1968 የእንግሊዝ ጦር መኮንኖችና ተመራማሪዎች በአፄ ኃይለ ሥላሴ ፈቃድ፣ በሻምበል ጆን ብላሽፎርድ ስኔል መሪነት ዓባይን በጎማ ጀልባ የወረዱበት ጉዞ ነው። ኢያን ማክላውድ የተባለ ባልደረባቸውን ከዓባይ ገባር ወንዞች አንዱን ሲሻገሩ ውሃ ወሰደው። ከሰባራ ድልድይ በታች ደግሞ ወንዙ መካከል ባለች ደሴት ሰፍረው ሳሉ ታጣቂዎች በሌሊት መጡባቸው፤ በጨለማ ጀልባቸውን ገፍተው አመለጡ። ያ ዓመት ሞጣና ቢቸና በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ያመፁበት ዓመት እንደነበር የጎጃም ሰው አይረሳውም።

«ያን ጊዜ እንግዳ ሰው ወንዝ ዳር ሲታይ፣ መሬት ለኪ ነው የሚል ነበር» አሉ አዛውንቱ። «ደሴቷ ለእነሱ መልካም ማደሪያ መስላ ታይታ ይሆናል። ዙሪያዋ ውሃ፣ ማንም አይደርስብንም ብለው። ግን ማን ያውቃቸዋል? ማንስ እንግዶቼ ናቸው ይላል? እናንተም ሂዱ አልከለክልም። ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት ግን፣ መሬቱ የማን ነው በሉ። ውሃው አምና ክረምት እስከ የት ደረሰ በሉ። ማታ ነፋሱ ከየት ይነሳል፣ አውሬው በየት ይወጣል በሉ። ይህን የሚመልስላችሁ ሰው ካላገኛችሁ እዚያ አትደሩ።»

ሰባራ ድልድይን ለኅዳር መጨረሻ አቆዩት፤ ውሃው ሲጎድል፣ አፋፍ ላይ ካለ ሰው ጋር አስቀድሞ ተነጋግሮ፣ ቀን ወርዶ ቀን ለመውጣት። አሁን የቀረው የጣና ደቡብ ዳርቻ ነው። የመምህሩ እህት «ገዳማቱን እንሳለም፣ ደሴት ላይ እንደር» ብላ ነበር፤ ነገር ግን ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባባቸውም። እሷን ጀልባ ላይ ትቶ መሄድ ደግሞ ለማንም አልታሰበውም። ዘጌስ? ዘጌ ሴትም ወንድም የሚሳለማቸው እነ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያሉባት ልሳነ ምድር ናት። ከአቡነ በትረ ማርያም ጀምሮ በሬ አይጠመድባትም፣ ሰዉ በቡናው ይኖራል በሚባለው ሥርዓት ጫካዋ እስከ ዛሬ ተጠብቋል። ሐሳቡ ሁሉንም አስማማ፤ በባሕር ዳርና በዘጌ መካከል ካለው ዳርቻ አንዱን ቦታ ይዘው ለማደር፣ በማግስቱ ዘጌን ለመሳለም።

ስንቁ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ የቡና ዕቃ። የጤና ባለሙያው አጎበር ጨመረ። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነውና ከሞጣ ሰባት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ ሞጣ ላይ የማትታወቅ ትንኝ እዚያ ወባዋን ይዛ ትጠብቃለች። «ዋናም እንዳትሞክሩ፤ ሣርና ቀንድ አውጣ ያለበት የረጋ ውሃ ቢልሃርዚያ አለው» ብሎ ገና ከሞጣ ሳይወጡ አስጠነቀቃቸው። ሰምተውታል፤ አንዱ ብቻ ትንሽ ከፋው፣ ለዋና ብሎ ቁምጣ ገዝቶ ነበርና።

ሐይቁ ጋ ሲደርሱ ፀሐይ ዘንበል ብላለች። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ማዶው አይታይም፣ ከደጋ የወረደ ሰው ዓይኑ ማረፊያ ያጣል። ውሃው ጫፍ ላይ ለጥ ያለ፣ ለምለም ሣር የለበሰ ሜዳ አዩ። መምህሩ ሮጦ ድንኳኑን ዘረጋው። ካስማውን በድንጋይ ሊመታ እጁን ሲያነሳ፣ ደንገል ታቅፎ የሚያልፍ አንድ ልጅ ቆመ።

«ጋሼ፣ እዚህ ልታድሩ ነው?»

«አዎ፣ ምነው?»

«የጉማሬ መንገድ ነው።»

ልጁ ደንገሉን አስቀምጦ አሳያቸው። ሣሩ መካከል ሁለት ቦይ ጎን ለጎን ተቆፍሮ ወደ ውሃው ይወርዳል፣ በሁለቱ መካከል ሣር የበቀለበት ጉብታ ቀርቷል። ጉማሬ እግሮቹን አራርቆ ነው የሚሄደውና ግራና ቀኙን ይረግጣል፣ መካከሉን ይተዋል፤ በየሌሊቱ በዚያው በለመደው መንገድ ወጥቶ ይግጣል፣ ሳይነጋ በዚያው ይመለሳል። በእሱና በውሃው መካከል የተገኘ ነገር አይተርፍም። መምህሩ ካስማውን የያዘው ቦዩ ውስጥ ቆሞ ነበር! ጭቃው ላይ አራት ጣት ያለው የእግሩ ፈለግ ገና አልደረቀም፤ ውስጡ ውሃ አቁሯል።

«መሬቱስ የማን ነው?» አለች እህትየው፤ የአዛውንቱ ነገር ትዝ ብሏት።

«የእናቴ። ባሕር ሸሽ ነው። አሁን ሞልቷል፤ ሲሸሽ እንዘራበታለን።»

የጣና ውሃ በመስከረምና በጥቅምት ሞልቶ፣ ወደ ግንቦትና ሰኔ ይጎድላል፤ በዓመት ውስጥ ከፍና ዝቅ የሚለው አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ሜዳው ለጥ ያለ ስለሆነ ያቺ ሜትር ተኩል ብዙ መሬት ትሸፍናለች፣ ብዙ መሬት ትገልጣለች። ለእንግዳ ሜዳ የመሰለው ለባለቤቱ ማሳ ነው፤ እነሱም ድንኳናቸውን ሰው ጓሮ ውስጥ ሳይጠይቁ ሊተክሉ ነበር።

ልጁን ተከትለው ወጡ። እናትየው ደጃፋቸው ላይ ደንገል ሲያሰጡ አገኟቸው።

«እንደምን ዋሉ እናቴ? ከሞጣና ከቢቸና ነው የመጣነው። ዛሬን እዚህ ብናድር ይፈቅዱልናል?»

«ከሞጣ? የጊዮርጊስ አገር! ግቡ እንጂ ልጆቼ፣ እቤት ነው የምታድሩት፤ ምን ሜዳ ላይ ያስተኛችኋል?»

እንግዲህ ድንኳን ውስጥ ለማደር ብለን ነው የመጣነው ብሎ ለእኚህ ሴት ማስረዳት ቀላል አልነበረም። ቤት እያለ ውጭ ማደር ለእሳቸው ነውር ነው፤ እንግዳን ውጭ ማሳደር ደግሞ የባሰ። በስንት ልመና ከቤቱ በላይ፣ ከዋርካው ወዲያ ያለውን ደረቅ ከፍታ ሰጧቸው። የድንኳኑን በር ወደ ሐይቁ ሊያደርጉ ሲሉ ልጁ «በሩን ወደ ቤታችን አዙሩት፤ ነፋሱ ከባሕሩ ነው የሚመጣ» አላቸው። ደግሞም ልክ ነበር። ጣና ላይ ጠዋት ውሃው ይተኛል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፤ ባለ ታንኳዎቹም በጠዋት የሚወጡት፣ ገዳማቱን የሚሳለም ሰውም በማለዳ የሚሳፈረው ለዚህ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ሸራው ይርገበገብ ጀመር፤ በሩ ወደ ውሃው ቢሆን ኖሮ ተነስቶ ዋርካው ላይ ይሰቀል ነበር።

ማታ ሴትየዋ የተጠበሰ አምባዛ ላኩላቸው። እነሱ ቡና አፈሉ፣ እናትየውና ልጁ መጥተው አብረው ጠጡ። ወሬው ስለ እምቦጭ ሆነ፤ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሐይቁን የወረረው አረም። «መረባችንን ይይዘዋል፣ ታንኳውን ያስረዋል፣ ነቅለን ነቅለን እጃችን አለቀ» አሉ። ሌሊት ከታች ከሜዳው ጉማሬው ሲያጉረመርም ተሰማ። ድንኳን ውስጥ ያሉት ትንፋሻቸውን ዋጡ፤ የጤና ባለሙያው ብቻ አጎበሩን እንደገና ዙሪያውን ከፍራሹ ሥር ወተፈ።

በማግስቱ ዘጌን ተሳልመው ተመለሱና ዕቃቸውን ሲጭኑ፣ መምህሩ ለሴትየዋ ብር ሊሰጥ እጁን ዘረጋ። አልቀበልም አሉ። እህቱ ግን ነገሩን ታውቅበታለችና የቀረውን በሶና ቡና በቋጠሮ ለልጁ አስያዘችው። እሱን ተቀበሉ፤ መረቁም።

«ደግሞ ለዳግማይ ትንሣኤ ኑ» አሉ። «ያኔ ባሕሩ ሸሽቶ ማሳው ሁሉ ይገለጣል፣ ጉማሬውም መንገዱን ይቀይራል። የት እንደሚወጣ እስከዚያው ልጄ አይቶ ያቆይላችኋል።»